ሰማሁ በለኝ

በባንክ መስኮት ጀርባ በተቀመጥሁባቸው ዓመታት አንዲት ዐረፍተ ነገር ከገዛ ስሜ ይልቅ አብዝቼ ተናግሬያለሁ፤ «ኔትወርክ የለም»። ጧት እላታለሁ፣ ከምሳ በኋላ እላታለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሳልጠየቅም እላታለሁ። ተሰልፎ የቆመው ሰው «ሲስተም የለም አሉ» እያለ ወደ ኋላ ያስተላልፋታል፤ በር ላይ ስትደርስ ጥበቃው ገና የሚገባውን ይመልስባታል። አንድ ቀን ግን ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከመስኮቴ ፊት ቆመው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ የት ሄዶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሳቅሁ። ከኋላቸው የቆሙትም ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። የሚያስቅ ነገር አልጠየቁምና። «የለም» የተባለ ነገር ቀድሞ የነበረ መሆን አለበት፤ የነበረ ነገር ከሌለ ደግሞ ወይ ሄዷል፣ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ተወስዷል። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ጥያቄያቸው ተከተለኝ። ምን እንደሌለ ሳላውቅ «የለም» እያልሁ ኖሬያለሁ ለካ!

ጥያቄውን ረስቼው እቀር ነበር፤ የቤታችን ጣጣ ባያስታውሰኝ።

ታላቅ ወንድሜ የእህል ነጋዴ ነው። ጋሼ እያልሁ ያደግሁት እርሱ፣ አባታችን ካረፈ በኋላ ሁላችንንም ያሳደገን በእህል ነው። የእኔ የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ስንት ኩንታል ገብስ እንደ ፈጀ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። መደብሩ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነው። በደባርቅ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጡ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣ ታናሽ ወንድማችን የሚጠብቀው መጋዘን አለ፤ የወገራ ገበሬ ገብሱንና ስንዴውን፣ ባቄላውንና ነጭ ሽንኩርቱን የሚያመጣው ወደዚያ ነው። መንገዱ ዳባትን አልፎ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የስሜን ተራሮች መግቢያ ከሆነችው ደባርቅ ይደርሳል። በዚያ ብርድ እህታችን ሱቅ ከፍታ ዘይትና ስኳር ትሸጣለች፣ እህል ትገዛለች። ቦታው ሦስት ነው፣ ቤቱ ግን አንድ።

ሦስቱን ያገናኛቸው የነበረው ወረቀት ነው። ታናሻችን የጫነውን ዕቃ ከደብተር በገነጠለው ቅጠል ላይ ጽፎ ለአይሱዙው ሹፌር ይሰጣል፤ ሹፌሩ ቅጠሉን ጎንደር ያደርሳል፤ ጋሼ ተቀብሎ ከግድግዳው ምስማር ላይ ይሰካዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቅጠሎቹን ከምስማሩ አውርጄ እደምራለሁ። ለዓመታት እንዲህ ኖርን፤ ክፉም አልነበረም።

በጥር 2014 ዓ.ም. ሒሳቡ እምቢ አለ። ታናሻችን ገዛሁ ካለው ላይ የላከውንና በመጋዘኑ የቀረውን ብቀንስ 14 ኩንታል ገብስ የገባበት ጠፋ። ገብስ ሲደርቅ ክብደቱ እንደሚቀንስ የነጋዴ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ 14 ኩንታል ግን በፀሐይ አይተንም። ሦስት ጊዜ ደመርሁ። ሦስት ጊዜ አንድ ሆነ። ከዚያ እንደ ልማዴ ከደብተሩ ግርጌ «14 ኩንታል ጎድሏል» ብዬ ጻፍሁ።

በባንክ ቤት «ጎደለ» ማለት ልዩነት አለ፣ ይፈለግ ማለት ነው። ቃሉ ማንንም አይከስም። በቤተሰብ መካከል ግን «ጎደለ» ከተባለ የሚቀጥለው ቃል የሰው ስም ነው። ጋሼ የጻፍሁትን አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «እርሱ ነው?» አለኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ በእውነትም አላውቅም ነበር። እኔ ግን ዝም አልሁ። ዝምታዬም ፊርማ ሆነ።

ጋሼ ያን ማታ አምባ ጊዮርጊስ ደወለ። የተባባሉትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ታናሻችን የመለሰው ግን፣ «ሁሉንም ልኬያለሁ፤ ወረቀታችሁን እዩ» የሚል ብቻ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራውን አልተወም፤ ቤት መምጣቱን ግን ተወ። ለፋሲካ አልመጣም። እናታችን የእርሱን ድርሻ በሰሐን ከድና እስከ ማግሥቱ አቆየችው፤ ከዚያም ምንም ሳትናገር አነሣችው።

ጋሼ «መጋዘኑ ላይ ካሜራ ይተከል» አለ። በልቤ፣ ካሜራው ከተተከለ ወንድማችን ዳግመኛ ከዚያ በር እንደማይገባ አወቅሁ። ስለዚህ ያላሰብሁትን ተናገርሁ፤ «ካሜራው ይቅር፤ ሦስቱን ቦታ በኮምፒዩተር ላገናኛቸው። የተጫነው እዚያ ሲጻፍ እዚህ ይታይ» አልሁ። ባለሙያ ጠይቀን ነበር፤ የጠራው ዋጋ ከ14 ኩንታሉ ገብስ ይበልጥ ነበር። ጋሼም «አንተ ባንክ ቤት የምትሠራው በዚሁ አይደል? አንተ ሥራው» አለኝ። ለእርሱ በኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ሁሉ ኮምፒዩተር ያውቃል።

ትምህርቴም እንዲህ ተጀመረ። በግቢያችን የተከራየ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጽሐፍ አዋሰኝ፤ ራውተርና ስዊች ሳይገዙ በስክሪን ላይ እየገጣጠሙ መለማመጃ የሚሆን ፕሮግራምም በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ። ግጥም እጽፍባቸው የነበሩት ሌሊቶች ለዚህ ዋሉ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ያኔ ከብት ጠባቂ ነበርሁ። አሁን በጎልማሳነቴ የፊደል ገበታ እንደ ያዘ ሕፃን ከ«ሀ» ጀመርሁ።

«ሀ»ው ሽቦ ነው። የኔትወርክ ገመድ ሲላጥ በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተገምደዋል። ጫፋቸው ላይ መሰኪያው ሲገጠም የቀለማቸው ተራ መጠበቅ አለበት፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝሁት። አንድ እሑድ ወለል ላይ ተቀምጬ ሽቦውን ስፈታ እናታችን እንዝርቷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አንዱን ጥንድ አንሥታ በጣቶቿ ዳሰሰችና «ይህማ ፈትል ነው» አለች። «ለምን አከረሩት?»

መልሱን ከሁለት ቀን በፊት አንብቤው ነበር። ሽቦ ብቻውን ሲዘረጋ በአጠገቡ ካለ የመብራት መስመርና ከሌላ ሽቦ ሁካታ ይቀበላል። ሁለቱ ከተጋመዱ ግን ሁካታው በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል፤ ተቀባዩም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ፣ እኩል የሆነው እርስ በርሱ ይጣፋና መልእክቱ ይቀራል። ግራሃም ቤል ይህን ለስልክ መስመር ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ለእናቴ በምችለው አማርኛ ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያ አብረው የተፈተሉ ክፉ ወሬ አይለያያቸውም በለኛ» አለች። ከዚያም ወደ እንዝርቷ ተመለሰች። ስለማን እንደምትናገር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከሽቦው ወደ አድራሻው፣ ከአድራሻው ወደ መልእክቱ ሕግ ተሻገርሁ። ያቆመኝ ምዕራፍ እዚያ ነው።

በኔትወርክ የሚላክ ነገር ሁሉ ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ይሄዳል፤ ባለሙያዎቹ ፓኬት ይሉታል። ጥቅሎቹ በመንገድ ይጠፋሉ። ይህ ብልሽት ሳይሆን ከመጀመሪያው የታወቀ ጠባያቸው ነው። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የዛሬው ኢንተርኔት የቆመበትን ሐሳብ በጽሑፍ ያወጡት በግንቦት 1966 ዓ.ም. ነበር፤ በእኛ አገር አብዮቱ ከፈነዳ ሦስት ወር ሳይሞላው። ሐሳባቸው የተመሠረተው መንገዱ አይታመንም በሚል ነው። መንገዱ የማይታመን ከሆነ ሁለቱ ዳርቻዎች መጠያየቅ አለባቸው። ስለዚህ ላኪው ከላከው ላይ ቁጥር ያደርግበታል፤ ተቀባዩ «እስከዚህ ቁጥር ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከቀረ ላኪው ጥቂት ይጠብቅና ያንኑ ደግሞ ይልካል። አሁንም ዝም ከተባለ የጥበቃውን ጊዜ እጥፍ አድርጎ እንደገና ይልካል። አንዱ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ችግር የለም፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ትርፉ ይጣላል።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ፈገግ አልሁ፤ ይህን ሕግ ከመጽሐፉ በፊት አውቀው ነበርና። የተወለድሁባት ቀበሌ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ በሁለት ገደል መካከል ነች። ማዶ ያለው ጎረቤት በዓይን ይታያል፤ በእግር ግን ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ እንጣራለን። «እገሌ ሆይ!» ይላል አንዱ። «ኦይ!» ይላል ማዶ። ላሟ ወዲያ ተሻግራለች፣ ወይም ነገ ሰንበቴ አለ፣ ወይም እገሌ አርፏል ይባላል። በመጨረሻም ጠሪው «ሰማህ?» ይላል፤ ማዶው «ሰማሁ!» ይላል። «ሰማሁ» ካልተባለ ነገሩ እንዳልተነገረ ነው፤ ነፋስ ወስዶታል ተብሎ እንደገና ይጣሩታል። አሁንም መልስ ከሌለ ነፋሱ እስኪበርድ ይጠበቃል። አንድም ቀን ግን ማዶ ዝም ሲል «ሰምቶ ነው፣ ንቆን ነው» ብሎ የጀመረ እረኛ አላየሁም።

ፈገግታዬ እዚያው ላይ ቆመ። እኛ ምን ነበር ያደረግነው? አንድ ነገር ሳይደርሰን ቀረ። አልደረሰንም አላልንም። ደግመህ ላክ አላልንም። የትኛው እንደ ጎደለ እንኳ አልነገርነውም። ከ«ጎድሏል» በአንድ እርምጃ «ሰርቋል» ላይ ደረስን፤ እርምጃውን ያራመድሁትም እኔ ነበርሁ።

ሌሊት ነበር፤ እስኪነጋ ጠበቅሁ። በማግሥቱ ወደ ሥራ ሳልገባ ደወልሁለት። ሰላምታው አጭር ነበር። ደብተሩን ይዤ፣ «ከጥር 5 እስከ ጥር 20 የጫንኸውን አንድ በአንድ ንገረኝ፤ እኔ የደረሰኝን እነግርሃለሁ» አልሁት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሰማህ?» አልሁ።

«ሰማሁ» አለ። «ይህን ጥያቄ ስጠብቅ አምስት ወር ሆነኝ። የቱ እንደ ጎደለ አልነገራችሁኝም እኮ። ሌባ መሆኔን ብቻ ነው የነገራችሁኝ።»

ደብተሩን ገለጠና ይቆጥር ጀመር። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ «14 ኩንታል ገብስ፤ ዳባት» አለ። ዳባት ሱቅ የለንም። «ጋሼ በስልክ ‹ገዢ አግኝቻለሁ፤ ጎንደር ሳይወርድ እዚያው ዳባት አድርስ› ብሎኝ ነው። ወረቀቱን ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ» አለኝ። ማታ ጋሼን ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። ገንዘቡ ከሌላ ክፍያ ጋር ተደምሮ በገዛ ሒሳቡ ገብቶ ነበር። ረስቶታል። በዚያ ሰሞን በቀን ሃምሳ ጊዜ ይደውል የነበረ ሰው ነው።

ወረቀቱ የተገኘው በሐምሌ ነው። አይሱዙው ጋራዥ ገብቶ መካኒኩ ገቢናውን ወደ ፊት ሲያነሣው፣ ከወንበሩ ሥር ሾልኮ በሞተሩ ዘይት የወዛ የደብተር ቅጠል ወደቀ። «ገብስ 14፣ ዳባት» ይላል፤ የወንድሜ የእጅ ጽሑፍ ነው። ያን ጊዜ ግን ወረቀቱ አላስፈለገንም ነበር። የጠፋውን ያገኘው ጥያቄው ነው።

ይቅርታ እንዴት እንደ ተባለ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ጋሼ አምባ ጊዮርጊስ ወጣ፤ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ገብሱን እያየ፣ «ዘንድሮ ፍሬው ጥሩ ነው» አለ። ወንድማችንም «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ሁለቱ ምሳ በሉ። የእኔ ከዚህ የከበደ ነበር። «ጎድሏል ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሲጠይቀኝም ዝም አልሁ» ብዬ ነገርሁት። «አውቃለሁ» አለኝ። «ጋሼስ ተናድዶ ነው። አንተ ግን ሒሳብ አዋቂ ነህ፤ ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበር?» ይህን ቃል እስከ ዛሬ ከላዬ ላይ አላወረድሁትም።

ሰላሙ ከመጣ ኔትወርኩ ለምን አስፈለገ ትሉኝ ይሆናል። ጋሼም እንደዚሁ አለ። እኔ ግን እንደገና መርሳት፣ እንደገና መጥፋት እንዳለ ስለማውቅ ሥራዬን ቀጠልሁ፤ እልህም ገብቶኝ ነበር።

ጎንደር ላለው መስመር በክፍያ ቋሚ አድራሻ አስገኘን። አምባ ጊዮርጊስና ደባርቅ ሲም ካርድ የሚገባባቸው ራውተሮች ተቀመጡ። የሞባይል መስመር አንዱን አድራሻ ለብዙ ሰው ስለሚያጋራ ከውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ መጥራት አይቻልም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ መጥራት ግን ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱ ይጣራሉ፣ ጎንደር ይቀበላል። በመካከላቸው ቪፒኤን የሚሉትን ዋሻ ዘረጋሁ፤ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚሄድ፣ ነገር ግን ቁልፉ በእጃቸው ካለ ከሁለቱ ዳርቻዎች በቀር ማንም ውስጡን የማያይበት የግል መንገድ ማለት ነው።

ዋሻው ተዘረጋ፤ ቃል ግን አላልፍ አለ። ሁለት ሳምንት ተሠቃየሁ። ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው በአንድ ቀላል ነገር ላይ ነበር። ራውተሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የያዙት የቤት አድራሻ አንድ ነው፤ ሦስቱም ራሳቸውን 192.168.1.1 ይላሉ። ይህ ስህተት አይደለም። በዓለም ያለው የአድራሻ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ሆኖ ሊያልቅ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ጥቂት ቁጥሮች ለየቤቱ ውስጥ አገልግሎት ተለይተው ማንም በየቤቱ እንዲጠቀምባቸው ተፈቀደ። ሁሉም በየቤቱ እስከ ቆየ ድረስ ሰላም ነው። ሁለቱ ቤቶች ሊገናኙ ሲፈልጉ ግን ጎንደር ያለው ኮምፒዩተር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ልላክ ሲል «ይህ አድራሻማ እዚሁ እኔ ቤት ነው» ብሎ ከደጁ አይወጣም።

በመስኮቴ ስማቸው እስከ አያት አንድ የሆኑ ሁለት ደንበኞች ገጥመውኝ ያውቃል። መፍትሔው የእናት ስም መጠየቅ ነው። እኔም ጎንደርን 192.168.10፣ አምባ ጊዮርጊስን 192.168.20፣ ደባርቅን 192.168.30 ብዬ ለያየኋቸው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ማታ ቅዳሜ ገበያ መደብር ውስጥ፣ በገብስ ጆንያዎች መካከል ተቀምጬ፣ ፒንግ የምትባለውን ትእዛዝ ጻፍሁ። ፒንግ ሌላ ሥራ የላትም፤ ማዶ ያለውን «አለህ?» ብላ ትጠይቃለች። በሰከንድ ሽራፊ አምባ ጊዮርጊስ መለሰ። ደባርቅም ከ2,800 ሜትር ከፍታዋ ላይ ሆና መለሰች። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር መልስ በስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር። ስልኬን አነሣሁና ወንድሜ ጋ ደወልሁ። «ሰማሁ!» አልሁት፤ ቀድሜ። ምን ሆነሃል ብሎ ሳቀ።

ዘጠኝ ወር እንዲህ ሠራን። በዚያ የተጫነው እዚህ ይታያል፤ እህታችን ዘይት ሲያልቅባት ጋሼ ሳትደውልለት ያውቃል። ምስማሩ ባዶውን ቀረ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጦርነቱ መጣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ከሁሉ የከበደው የሰው ሕይወት ነው፤ የእኛ ነገር ከዚያ ጋር አይቆጠርም። ሆኖም በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ስክሪኑ ላይ አምባ ጊዮርጊስን ብጠራ ዝም፣ ደባርቅን ብጠራ ዝም ሲል፣ የደከምሁበት ሁሉ ገደል የገባ መሰለኝ። የእነዚያ እናት ጥያቄም ተመልሶ መጣ፤ የት ሄዶ ነው?

መንገዱ በተከፈተ ቀን አይሱዙው ወጣ። በእጁ ለታናሻችን የላክሁለት ሁለት አዲስ ደብተሮችና አንዲት ገጽ መመሪያ ነበር። እያንዳንዱ ቅጠል ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥር አይዘለል። በካርቦን በሁለት ይጻፍ፤ አንዱ ይሂድ፣ አንዱ ይቅር። ጎንደር የደረሰውን ቁጥር በሚቀጥለው መኪና ጽፎ ይመልስ። «ደረሰ» ያልተባለ ቁጥር እንደገና ይገልበጥና ይላክ። ሁለት ጊዜ ከደረሰ አንዱ ይቀደድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥር ሲጎድል የጎደለውን ቁጥር ንገሩ፤ ሌላ ቃል አትጨምሩ። እህታችን ይህንን አንብባ «ኮምፒዩተሩን ወረቀት አደረግኸው» አለች። እውነቷን ነው። ሰርፍና ካን ቢያዩት የሚያውቁት ይመስለኛል፤ የመንደሬ እረኞችም እንዲሁ።

በእነዚያ ወራት አራት ቅጠሎች በመንገድ ጠፍተዋል። አንዱን ሹፌሩ ጥሎታል፣ አንዱ በዝናብ ረጥቦ አልነበብ ብሏል፤ የሁለቱን እስከ ዛሬ አናውቅም። አራቱም ጊዜ «17 አልደረሰም»፣ «32 አልደረሰም» የሚል ቃል ወጣ፤ ግልባጩ መጣ። ማንም የማንንም ስም አላነሣም። የዓመቱን ሒሳብ ስዘጋ እጄ ለምዶ «ጎድሏል» ብሎ ሊጽፍ ሲል አቆምሁት። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ «አልደረሰኝም» ብዬ እጽፋለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። «ጎድሏል» የሚለው በማዶ ስላለው ሰው የሚናገር ነው፤ «አልደረሰኝም» ግን ስለ ራሴ እጅ የማውቀውን ብቻ ይናገራል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ዋሻውም ያለ እኔ እርዳታ ራሱ ተመለሰ። ለካ ሁለቱ ራውተሮች በእነዚያ ወራት ሁሉ፣ መብራት በነበረ ጊዜ ሁሉ፣ ሳያቋርጡ ጎንደርን ሲጠሩ ነበር። መልስ አጥተው አልተቀየሙም። በዚያ ሰሞን በደረሰኝ ጀርባ ይህችን ጫርሁ፤

ጋራ ለጋራማ ጥሪ መች ይጠፋል፣
ነፋስ ቢነጥቀውም ደጋግሞ ይጠራል፤
ወንድም ነው ከወንድም በአንድ ቤት የሚርቀው፣
«ደረሰህ ወይ?» ማለት ነበር የሚያስታርቀው።

የቁጥሩን ደብተር ግን አልተውነውም፤ ዛሬም ከኮምፒዩተሩ ጎን ይጻፋል።

በመስኮቴ አሁንም «ኔትወርክ የለም» የምልበት ቀን አለ። ነገር ግን ጠያቂው ሽማግሌ ወይም ባልቴት ሲሆን ጥቂት እጨምርበታለሁ፤ «እማማ፣ ገንዘብዎ አልጠፋም፤ እኛና ዋናው መሥሪያ ቤት መሰማማት አቅቶን ነው። እንጣራለን፤ እስኪመልሱልን ይቀመጡ» እላለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። አንዲት እናት ግን፣ የመጀመሪያዋ ይሁኑ ሌላ አላወቅኋቸውም፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ማዶ ማዶ ነው እንግዲህ፤ ነፋሱ እስኪበርድ ነዋ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቸር እንሰንብት።